ሰዓዳ በቆሎ የዘራችበት ደሴት

ያን ቀን በዋይስ ሲቤር፣ በኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ልጄ ሜሮን፣ የየመናዊው ባለሱቅ ጎረቤታችን ልጅ ነኢማ፣ እንዲሁም ጉንጩን በጫት ወጥሮ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ባለቤቱ ዋይስ ነበርን። ሰዓዳም ነበረች። እሷ ግን በአካል አልነበረችም፤ አካሏ ባሕር ማዶ፣ ስሙን እንኳ በማታውቀው ከተማ፣ በሰው ቤት ነበር። እኛ ያየናት ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው። አውራ ጣት የምታክል፣ ጭንቅላቷ ከሰውነቷ የሚበልጥ፣ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ትንሽ ሴት ሆና ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ቆማ ነበር። ሜሮን ጮኸች። ነኢማ ወንበሯን ገልብጣ ተነሳች። ዋይስ፣ «ምን ሰበራችሁ?» አለ። እኔ ምን እንደሆነ ሳልረዳ ደረቴን ያዝኩ፤ እኔ ሁልጊዜ አስቀድሜ ደረቴን ነው የምይዘው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ያጋጠመኝ ነገር ነው። ገበያ ሎሚ ስመርጥ ልጅ የታቀፈች ሴት ከኋላዬ፣ «ማማ ሜሮን!» ብላ ጠራችኝ። ዞር ብዬ ባያት አላወቅኋትም። ሰውነቷ ሞላ ብሏል፣ አንዱ ጥርሷ ወርቅ ሆኗል። ስትስቅ ግን ያችው ነኢማ ሆነች። ተሳሳምን፣ ልጇን ሳምኩላት። ስለ ባሏ አወራችኝ፤ እኔም ሜሮን ወደብ አካባቢ ትራንዚት ቢሮ እንደምትሠራ ነገርኳት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰዓዳስ? ተገኘች?» አለችኝ። አልተገኘችም አልኳት። ሁለታችንም ሎሚው ላይ አቀረቀርን። ባለ ሎሚዋ፣ «ትገዛላችሁ ወይስ ታለቅሳላችሁ?» ስትለን ነው ቀና ያልነው። ነኢማ ወደ ቤቷ ሄደች፣ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ። የድሮውን መንገድ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ሲቤሩ በነበረበት ጥግ በኩል።

እኔ ወደ ጅቡቲ የመጣሁት በድሮው ባቡር፣ ከድሬዳዋ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ አማርኛ ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ የፈረንጅ ፊደል ግን ለየብቻው እንጂ ተጣምሮ ሲመጣ ያደናግረኛል። መጀመሪያ የሠራሁት ፈረንሳዮች ቤት፣ አዳሪ ሆኜ ነው። ማዳሟ ክፉ አልነበረችም፤ ቢሆንም ፓስፖርቴን መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋ ነበር የምታስቀምጠው። «እንዳይጠፋብሽ ነው» ትለኛለች። አራት ዓመት እዚያ ስኖር አንድም ቀን እንዳይጠፋብኝ ይሁን እንዳልጠፋ አልጠየቅኋትም። ኋላ የሜሮንን አባት አገባሁ፤ ከወደብ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ቤት ከሚያድርበት የማያድርበት ይበዛል። ካርቲየ 2 የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየን፤ ግድግዳው ሳንቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ በሩ አረንጓዴ። ያኔ ባጌት ዳቦ ሃያ ፍራንክ ነበር፤ ጠዋት ከምድጃ ሲወጣ መንገዱ በሙሉ እሱን እሱን ይሸት ነበር። በረዶ በጆንያ ተጠቅልሎ በጋሪ ይመጣል፤ ሴቶቹ ነፋስ የሚያሳልፍ ስስ ዲራ ለብሰው፣ የጃስሚን ጉንጉን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ በየደጃፉ ምንጣፍ ዘርግተው ይቀመጣሉ። የነኢማ አባት ሱቅ ውስጥ ያለችው ቴፕ አንዱን የዓረብኛ ዘፈን ትደጋግማለች፣ እኛም ቃሉን ሳናውቅ ዜማውን አብረን እናዜማለን። ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ ምንጣፍ የሚዘረጋ አላይም። ሁሉም በየቤቱ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

ሜሮን ከፍ ስትል ከአገር የሚመጡ ልጆችን ሥራ ማስገባት ጀመርኩ። ደላላ አልነበርኩም። የማውቃቸው ማዳሞች ሠራተኛ ሲፈልጉ ይጠይቁኛል፣ እኔ ደግሞ ልጅ አገኝላቸዋለሁ። ልጅቷን ግን ብቻዋን ልኬ አላውቅም። አጥቤ፣ አበጥሬ፣ ንጹሕ ቀሚስ አልብሼ አብሬያት እሄዳለሁ። ማዳሟ በሩን ስትከፍት የልጅቷን እጅ ይዤ ማዳሟ መዳፍ ላይ አስቀምጠዋለሁ። በምችለው ፈረንሳይኛ፣ ካልሆነም በሶማሊኛ፣ «ይቺ ሰው አላት። እናቷ እኔ ነኝ። ቤቴ ካርቲየ 2 ነው። አደራ» እላለሁ። ፈረንጇ ሳትቀር ትደነግጣለች፤ እጇን መሳብ ትፈልጋለች፣ እኔ ግን እስክትመልስልኝ አልለቅም። እንዲህ ካስረከብኳቸው ልጆች አንዲቱም አልተመታችም። ሰው ያላትን ልጅ ሰው አይደፍራትም ብዬ አምን ነበር። ይህ እምነቴ ነው ኋላ ያጠፋኝ፤ እሱን እደርስበታለሁ።

ሲቤር የምንለው አዲስ አበባ ኢንተርኔት ቤት የሚሉትን ነው። ዋይስ የከፈተው ቀድሞ የልብስ ሰፊ ሱቅ በነበረ ክፍል ውስጥ ነው፤ ስድስት ኮምፒዩተር፣ አንድ ክሊም፣ ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳ። ክሊሙ አየር ከማቀዝቀዙ ውኃ ማንጠባጠቡ ይበልጥ ነበር፤ ከሥሩ የወተት ጣሳ አስቀምጦለታል። አንድ ሰዓት ሁለት መቶ ፍራንክ ነበር፤ ቆይቶ መቶ ሆነ። ጫቱ ከድሬዳዋ ደርሶ ከተማው በሩን በሚዘጋበት ሰዓት፣ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሜሮንና ነኢማ እዚያ ናቸው። ሰው ስለ ሲቤር ብዙ ያወራል፤ ልጆች ከማያውቁት ሰው ጋር ይጻጻፋሉ፣ ፎቶ ይላላካሉ፣ የእንትና ልጅ እንዲህ ሆነች ይባላል። ስለዚህ አንድ ቀን የፕላስቲክ ወንበሬን በአንድ እጄ፣ የምስር ትሪዬን በሌላው እጄ ይዤ ገባሁ።

«ማማ ሜሮን፣ ወንበር ይዘሽ?» አለ ዋይስ። ድሬዳዋ ያደገ ስለሆነ አማርኛው እንደ እኛው ነው። «እኔ ጋ ወንበር ጠፍቶ ነው?»

«ባንተ ወንበር ከተቀመጥኩ ታስከፍለኛለህ።»

«ክሊሜንስ? የምትተነፍሽውን አየር ከቤትሽ አመጣሽ?»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ሜሮን ግን በሃፍረት አንገቷን ደፍታለች፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፣ እናት የሚታፈርበት ዕድሜ። ከኋላቸው ተቀምጬ ምስሬን እየለቀምኩ አየሁ። የጠበቅሁትን ነውር አላገኘሁም። ባሕር ነው፤ ባሕሩ ላይ ትንንሽ ደሴቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ደሴት አለው፤ ጎጆ፣ መሬት፣ የውኃ ጉድጓድ። ጓደኛ በጀልባ እየመጣ ይጠይቅሃል፣ ሰብልህን ያጠጣልሃል፣ ጉድጓዱ ዳር አብሮህ ይቀመጣል። የሚናገሩት በጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ በጭንቅላታቸው ላይ እንደ ደመና ብቅ ይልና ይጠፋል። ልጆቹ ራሱን ጨዋታውን «ደሴት» ይሉት ነበር። «ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?» አልኳቸው። ነኢማ፣ «ምንም፣ እንቀመጣለን» አለችኝ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ልጆች፣ ሌላ ቦታ ሄደው ጎን ለጎን ለመቀመጥ መቶ ፍራንክ ይከፍላሉ! ገርሞኝ ስቄባቸው ነበር።

ሰዓዳ የመጣችው ሙቀቱ በጠናበት ወር ነው። ከከሚሴ አካባቢ ተነስታ ከሌሎች ልጆች ጋር በእግሯ በረሃውን አቋርጣ፣ ከተማ ስትደርስ ወባ ጣላት። አብረዋት የመጡት ወደ የመን የሚያሻግረው ጀልባ እንዳያመልጣቸው ወደ ኦቦክ ወደብ ቀጠሉ። አንዲት የአገር ልጅ፣ «እትዬ ጥሩነሽ፣ እስኪሻላት ብቻ» ብላ አመጣችልኝ። አሥራ ዘጠኝ ነኝ አለች፤ ለኔ ግን አሥራ ሰባት መስላ ነው የታየችኝ። አራት ወር እኛ ጋ ቆየች። ሲሻላት ልብስ እያጠበች፣ ውኃ እየቀዳች፣ እኔ ሳልነቃ ግቢውን ጠርጋ ትጠብቀኛለች። «አብሽሩ፣ እትዬ» ነበር ቃሏ፤ ሽንኩርት ቢወደድም አብሽሩ፣ ጣራው ቢያፈስም አብሽሩ። ስምንተኛ ክፍል ስለደረሰች የፈረንጅ ፊደል ትችላለች፤ አማርኛውን በዚያ ፊደል ትጽፈዋለች። ሜሮን ከስምንት ቀን በኋላ ሲቤር ይዛት ሄደች፤ ደሴትም ሰጠቻት።

ሌሎቹ ልጆች ደሴታቸው ላይ አበባ ነው የሚተክሉት፣ ጎጆውን ሐምራዊ ይቀቡታል። ሰዓዳ በቆሎ ዘራች። አንድ ጥግ አላስቀረችም፤ በመስመር፣ በመሃሉ የውኃ ቦይ እያስቀረች።

«እንዴ ሰዓዳ! በጨዋታም ትቆፍሪያለሽ?» አለቻት ሜሮን።

«መሬት አግኝቼ ልተወው? አባቴ ይህን የሚያክል መሬት ቢኖረው እኔ እዚህ ምን አመጣኝ።»

«ውብ አይደለም እኮ፣ አበባ ትከይ» አለች ነኢማ።

«አበባሽን ትበያለሽ? ሲርብሽ ትመጫለሽ፤ እሸት እጠብስልሻለሁ።»

ደግሞም ሲደርስ ጠበሰችላቸው። ያቺ ትንሽ ሴት እሳት ስታነድ፣ ሁለቱ ሌሎች ትንንሽ ሴቶች ዙሪያዋን ሲቀመጡ አይቻለሁ። ሦስቱም ልጆች ኮምፒዩተሩ ፊት እየተጎሻሸሙ፣ «እኔ አልደረሰኝም፣ ስጪኝ እንጂ» እያሉ ሲስቁ። የሚበላ ነገር በሌለበት እንዲያ የጠገበ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

እንዳትሄድ ለመንኳት። እዚሁ ጥሩ ቤት አስገባሻለሁ፣ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣሽ ትጠይቂኛለሽ አልኳት። «እትዬ፣ የዚህ አገር ደመወዝ ያበላል እንጂ ቆርቆሮ አይገዛም» አለችኝ። የእናቷ ቤት የሣር ክዳን ነበር፤ ከጎረቤት ሁሉ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። የሳውዲ ደመወዝ ያለበት ቤት ከሩቅ ያበራል አለችኝ፤ ከተራራው ስትወርዱ ፀሐይ ሲመታው። ምን እመልስላታለሁ? እኔስ በባቡር የመጣሁት ለምን ነበር? ጥቁር ዓባያ ገዛሁላት፣ ከውስጥ ኪስ ሰፋሁበት፣ የነኢማ አባት ስልክ ቁጥርና የእኔን በጨርቅ ላይ በክር ጠልፌ ሰጠኋት፤ ወረቀት ባሕር ላይ ይርሳል ብዬ። እኔ እንዲህ ጠንቃቃ ነኝ። ሜሮን ደግሞ ከሄደች በኋላ፣ «እማ፣ ደሴቱን አልዘጋችውም፤ በቆሎውን አጠጡልኝ ብላናለች» አለችኝ።

አምስት ወር ድምጿ ጠፋ። ስልክ የለ፣ ወሬ የለ። ጀልባ ሰመጠ የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር የሴቶቹን ስም ያወቀ እንዳለ ለመጠየቅ ወደብ እሮጥ ነበር። ደሴቱ ላይ ባለቤቱ ካልመጣ አረም ይወጣል፤ ጨዋታው እንዲህ ነው የተሠራው። ሜሮንና ነኢማ በየቀኑ በጀልባ ሄደው የሰዓዳን በቆሎ ያርማሉ። መጀመሪያ፣ «ለሌለ በቆሎ ፍራንክ ታጠፋላችሁ?» ብዬ ተቆጥቻለሁ። ከዚያ ግን እኔው ምሳ ሰዓት ላይ፣ «አርመሽላታል ዛሬ?» ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን ሜሮን አሟት ስትተኛ ነኢማን ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ «ያንቺንም የሜሮንንም ፈንታ እረሚ» ብዬ አዘዝኳት። አባቷ፣ «ማማ ሜሮን፣ እርሻ ገዛችሁ እንዴ?» አለኝ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ያልኩት ቀን ያን ጊዜ መጣ። ቢጫ ሻሿን አስራ ጉድጓዱ ዳር ቆማለች። ሜሮን መጻፍ ጀመረች። የምትጽፈውንም፣ የሚመጣውንም ለኔ ጮክ ብላ ታነብልኛለች።

«ሰዓዳ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ማነው ያረመልኝ?»

«እኛ ነን! የት ነሽ? ለምን አልደወልሽም?»

«ስልኬን ወሰዱት። ጨርቁንም አብሮ። ቤት ውስጥ ነኝ፣ ሁለት ልጆች እይዛለሁ። እነሱ ሲጫወቱ ታብሌታቸው ላይ ይህን አየሁት። አሁን ተኝተዋል። እትዬ ደህና ናት?»

«ከኋላዬ ተቀምጣለች።»

«አሁንም ትጠብቃችኋለች?» ከዚያ ሳቅ የሚሆኑ ፊደሎች መጡ። ሜሮን፣ «እየሳቀች ነው እማ» አለችኝ። እኔ ሳቋን መስማት ፈልጌ ጆሮዬን ወደ ኮምፒዩተሩ አስጠግቼ ነበር።

የት አገር እንደሆነች ጠየቅናት። በጭነት መኪና ድንበር መሻገሯን፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ መኪና መቀየሯን ብቻ ነው የምታውቀው። ከመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው፤ ከግድግዳው በላይ ረጅም የውኃ ማማ አለ። ስሟን ቀይረው መርየም ብለዋታል፤ ሰዓዳ የቤቲቱ እመቤት ስም ስለሆነ ለሠራተኛ አይጠራም አሏት። ደመወዝ፣ «ስትሄጂ ባንዴ» ተብላለች። እሷ ግን ያንን በሁለት መስመር ጨርሳ፣ «ነኢማ፣ አበባሽን አሁንም አልበላሽውም?» ብላ ጻፈች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል፣ ከስምንት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እኛ ጋ ነበረች ማለት ይቻላል። የሷ ሰዓትና የኛ ሰዓት አንድ ነው፤ እዚያም እዚህም ያን ጊዜ ሰው ይተኛል። ወንበሬን ይዤ በየቀኑ እሄዳለሁ፤ ዋይስ ስለ ክሊሙ መቀለዱን ትቶ የሷን ሰዓት ኮምፒዩተር ለሌላ አይሰጥም ነበር። አንዱ ደንበኛ ሊቀመጥበት ሲል፣ «ተይዟል፣ እንግዳ ይመጣበታል» ሲለው ሰምቻለሁ። አረፋ ደርሶ ሦስቱም ልጆች ለትንንሾቹ ሴቶች አዲስ ቀሚስ አለበሱ፤ ሰዓዳ ማዶ ሆና የሰው ቤት በግ ስታጥብ ቆይታ፣ ለአሥር ደቂቃ ብቅ ብላ፣ «ዒድ ሙባረክ ብያችኋለሁ፣ ለእትዬ ዒድ ባይሆንም» አለች። ስለ ቆርቆሮ አንድም ቀን አላነሳችም። ልጆቹም አልጠየቋትም። እኔ ብጠይቅ፣ «እማ፣ እዚህ ስትመጣ ስለዚያ ማውራት አትፈልግም» ትለኛለች ሜሮን። ያን ቦታ እነሱ ተረድተውት ነበር። እኔ ነኝ ያልገባኝ።

አንድ ቀን መልሷ እየዘገየ፣ ፊደል እየጎደለ መጣ። ሜሮን ምን ሆንሽ ብትላት፣ «በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ቀኙ አብጧል» አለች። በምን? «በር ነው።» እኔ ሰው ቤት ኖሬያለሁ። በር ነው፣ ደረጃ ነው፣ ድስት ነው የሚባለውን አውቀዋለሁ።  በማግስቱ ሰዓዳ ሳትመጣ፣ ገና ሰባት ሰዓት ላይ፣ ልጆቹን ይዤ ዋይስ ጋ ደረስኩ። በየደሴቱ ላይ እንግዳ መልእክት ትቶ የሚሄድበት ሰሌዳ አለ፤ የሰዓዳ ደሴት የሚከፈተው በቤቱ ልጆች ታብሌት ስለሆነ፣ ልጆቹ ሲከፍቱት እሱን ያያሉ፣ ለእናታቸው ያነቡላታል ብዬ አሰብኩ። በዚያ ሰሌዳ አደራ ልላት ወሰንኩ።

«እማ፣ ሴትየዋ እኮ ሰዓዳ እዚህ መምጣቷን አታውቅም» አለች ሜሮን።

«እሱ ነው ክፋቱ። ሰው ያላት አልመሰላትም። ብታውቅ ትፈራ ነበር።»

«መጀመሪያ ሰዓዳን እንጠይቃት።»

«ሰዓዳማ ተዪው ነው የምትለው፣ ይሉኝታ ይዟት። እናት ልጇን አስፈቅዳ ነው እንዴ አደራ የምትለው?»

«እማ...»

«ስንት ልጅ አስገብቻለሁ እኔ በዚህ ከተማ? የትኛዋ ተመታች?»

 ሜሮንን፣ እኔ ስቆጣ ዝም እንድትል ያሳደግኋት ራሴ ነኝ። ነኢማ በዓረብኛ ጻፈችው። እኔ በአማርኛ እላለሁ፣ እሷ ትገለብጠዋለች፦ ለቤቲቱ እመቤት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጥሩነሽ እባላለሁ፣ ጅቡቲ ነው የምኖረው፣ የሰዓዳ እናት ነኝ። ልጄ ታታሪ ናት፤ ብታጠፋ በቃል ገሥጪያት። እጇ ማበጡን ሰምቻለሁና ሐኪም እንዲያየው እለምንሻለሁ። አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ልጄን በአደራ ሰጥቼሻለሁ። ዋይስ ከጠረጴዛው ተነስቶ መጥቶ አነበበው፤ እኔ «እጠይቅሻለሁ» ያልኩትን «እለምንሻለሁ» ያስባለው እሱ ነው። «ትልልቅ ሰዎች ሲለመኑ ደስ ይላቸዋል» አለ። ጥሩ ደብዳቤ ነው ተባባልን። ቤቴ ስመለስ ከስንት ወር በኋላ እፎይ ብዬ ተኛሁ።

ያን ዕለት ብትቀር እጇ ነው ብለን ነበር፤ በማግስቱም በስምንት ሰዓት አልመጣችም። በሰሌዳው ላይ የኛ ጽሑፍ ተሰርዟል፤ በቦታው አንድ መስመር ዓረብኛ አለ። ነኢማ ለራሷ አነበበችውና አፏን ያዘች።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«እዚህ ቤት ሰዓዳ የምትባል ሠራተኛ የለችም ይላል።»

ሦስተኛው ቀን ሄደን ደሴቱን ፈለግን። ሜሮን ስሟን ጻፈች፣ ደግማ ጻፈች። ባሕሩ ነበር፤ የነኢማ ደሴት ነበር፤ የሜሮን ነበር፤ መካከሉ ውኃ ብቻ ሆኗል። እንዲህ ያለ ደሴት የለም የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሜሮን ወደኔ አልዞረችም። ወንበሬንና ትሪዬን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ፤ ዋይስ በሩን ከፈተልኝ፣ ምንም አልቀለደም።

ምን እንዳደረጓት አላውቅም። የገመትኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ቀን ቀን እገምታለሁ፣ ይበቃኛል። እኔ አደራ የምለው ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ የማዳሟን ዓይን እያየሁ፣ ነገ ተመልሼ የማንኳኳው በር ላይ ነበር። ማዳሞቹ የፈሩት ቃሉን መስሎኝ ነበር፤ ለካ የፈሩት በማግስቱ መምጣቴን ነው። ባሕር ተሻግሬ ማንኳኳት የማልችለውን በር በቃል ብቻ ነካሁት። ልጅቷ ደግሞ ከዚያ ቤት የምትወጣባት አንዲት ቀዳዳ ነበረቻት፤ ያችን እኔ አሳየኋቸው። ሜሮን ስንት ሳምንት ሳታናግረኝ ቆይታ፣ አንድ ቀን ልብስ ስናሰጣ፣ «እማ፣ ለክፋት አላደረግሽውም» አለችኝ። ዛሬም ከዚያ በላይ አትልም። እኔም ከዚያ በላይ እንድትል አልፈልግም።

ከዚያ በኋላ የጠየቅሁት ሰው ብዛቱ። ከሳውዲ የተመለሱ ልጆችን፣ ሾፌሮችን፣ ወደብ ያሉ ጫኝና አውራጆችን ጠየቅሁ። ባሕር ማዶ ጦርነት ሆኖ ሰው በጀልባ ወደኛ መሸሽ ሲጀምር፣ ከጀልባ የሚወርዱትን ሴቶች ፊት ለፊት እየቆምኩ አይቻለሁ። ሜሮንና ነኢማ ደሴታቸውን ሳይዘጉ ሁለት ዓመት ያህል ጠበቁ፤ መንገዱን ታውቀዋለች፣ በሌላ ስም ትመጣ ይሆናል ብለው። ከዚያ የጨዋታው ባለቤቶች ጨዋታውን ራሱን ዘጉት፤ አሁን ባሕሩም የለም። ዋይስ ሲቤሩን ሸጠ፤ ዛሬ ስልክ መጠገኛ ሆኗል፣ ሰማያዊው ግድግዳ ነጭ ተቀብቷል። ባቡሩም አዲስ ሆኗል፣ ባጌትም ሃያ ፍራንክ አይደለም። ሰዓዳ ዛሬ ብትወጣ እኛን የምታገኝበት የምታውቀው ቦታ አንድም አልቀረም፤ የተከራየነው ቤት እንኳ ፈርሶ እኛ ሌላ ሰፈር ነን።

እናቷ ከከሚሴ በጎረቤት ስልክ ትደውልልኛለች፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ። «አንቺ ጋ የሚሰማ የለም?» ትለኛለች። የለም እላታለሁ። ስለ ደሴቱ፣ ስለ ሁለቱ ወር ነግሬያታለሁ፤ ስለ ጻፍኩት አደራ ግን እስከዛሬ አልነገርኳትም። «የሰዓዳ እናት ነኝ» ብዬ መጻፌን እንዴት ብዬ ልንገራት? ይህን የምጽፈው እሷ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከኔ ትስማው ብዬም ነው፤ የሚያነብላት ሰው አታጣም።

ስሟ ሰዓዳ ነው፤ እዚያ ቤት መርየም ይሏት ነበር። ከከሚሴ አካባቢ ናት። አሁን ሃያ አራት ወይም ሃያ አምስት ትሆናለች። ጠይም ናት፣ ቁመቷ መካከለኛ፣ ግራ ቅንድቧን ለሁለት የከፈለ ጠባሳ አላት፤ ቀኝ እጇ ላይም ምልክት ሳይቀር አይቀርም። ሳውዲም ሆነ የመን፣ በእስር ቤትም ሆነ በሰው ቤት፣ ያያት ወይም ስለሷ የሰማ ካለ፣ ያለችበትን ለእናቷ ወይም ለእኔ እንዲነግረን እለምናለሁ።